ግንቡን ሄዳችሁ እዩት

ልጆች፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግንባታ ሳሠራ ያረጀሁ ሰውዬ ነኝ። አልፎ አልፎ ኦንላይን ኮርስ እሰጣለሁ።

ባለፈው ክረምት ቀላል አሳይመንት ሰጠሁ። ከቤታችሁ አጠገብ ያለ አንድ የድጋፍ ግንብ (የዳገቱን አፈር እንዳይናድ የሚይዘውን) እዩ፣ ለኩ፣ ችግሩን ጻፉ፤ አለቀ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፣ ግንብ ሞልቷል። አንዱ ልጅ ስምንት ገጽ ላከልኝ። እንግሊዝኛው እንከን አይወጣለትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን መሠረቱ መሬቱ በረዶ ከሚሠራበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት ይላል። ደሴ ላይ! ብርዱስ አለ፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ ያስደርባል፣ መሬት በረዶ ሠርቶ አብጦ መሠረት የሚያነሳው ግን እነ ካናዳ ነው። የኛን ግንብ የሚገፋው ከጀርባው የሚጠራቀመው የክረምት ውሃ ነው። ቻትጂፒቲ የሆጤ ሰፈርን ዝናብ ከየት ያውቀዋል? ልጁ ግን እዚያው ነው ያደገው። ከግንቡ ሥር ደግሞ ሰው ይተኛል።

አልጮህኩበትም። እኔም በተማሪነቴ የላብራቶሪ ሪፖርት ኮርጄያለሁ፣ ያውም የጓደኛዬን የተሳሳተ ቁጥር ሳይቀር። ያኔ ኩረጃ እጅ ያደክም ነበር፣ ስትገለብጠው ቢያንስ አንዴ ታነበዋለህ። አሁን ከቴሌግራም የወረደ ፋይል ላይ ስም ለመቀየር ደቂቃ አይፈጅም። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ዳታ ውድ ነው፣ ገብቶኛል፤ ንገሩኝ፣ ቀን እጨምራለሁ። በሰው አካውንት ገብቶ ስለሚፈተነውማ ምን እላለሁ፣ ማጭበርበር ነው።

ኤአይ አትንኩ አላልኩም። ያልገባችሁን ጠይቁት፣ እንግሊዝኛችሁን ያርምላችሁ፣ መጠቀማችሁንም ጻፉ። ሜትሩን ግን እናንተ ያዙት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው ከ100 50 ነው፤ እዚያ ስትቀመጡ የቴሌግራም ግሩፑ አብሯችሁ አይገባም።

ልጁን «አብሽር፣ ግንቡን ሄደህ እየውና ተመለስ» አልኩት። በማግስቱ ዝናቡ እየተሰማ ድምፅ ላከልኝ፦ «ቲቸር፣ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። እስክሪብቶ ባስገባ ሁለት ጣት ያህል ሄዶ ቆመ።» ፎቶም አለው፣ እስክሪብቶው እስከ ወገቡ ጭቃ ነክቶታል። አዲሱ ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ የፊደል ስህተትም አለው። ከ10 9 ሰጠሁት። አንዷን የቀነስኩት የግንቡን ቁመት መጻፍ ስለረሳ ነው።