ጠይቁን፦ የመዳቡ ጋኔሻ ጣራ ላይ ይውጣ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ

ልጄ ህንድ ሀገር ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ከመዳብ በእጅ የተቀጠቀጠ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ይዞልኝ መጣ። መሀሉ ላይ ባለ ዝሆን ራሱ የሂንዱዎች አምላክ ጋኔሻ ተቀምጧል። ከፊቱ ቀስት፣ ከኋላው ሰፊ ጅራት አለው። በጣም ያምራል። ቆርቆሮ ጣራችን ላይ ልንተክለው ስንል ግን ጎረቤት "ጣዖት ሊሰቅሉ ነው" ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ባለቤቴ ደግሞ ግቢ ውስጥ ሞክሮት ቀስቱ ነፋሱ ወደሚሄድበት ሳይሆን ወደሚመጣበት ስለዞረ "ተበላሽቷል" ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
(አንዲት እናት፣ ከአዳማ)

መልስ

እናታችን፣ ከቀላሉ እንጀምር። ምንም አልተበላሸም። የጠቋሚ ሥራው ነፋሱ ከየት እንደመጣ መናገር ነው። ሰፊው ጅራት ነፋሱን ስለሚቀበል ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቀስቱ ቀጭን ስለሆነ ነፋሱ ብዙም አይዘውም፣ በዚህ የተነሳ ቀስቱ ሁልጊዜ ፊቱን ለነፋሱ ይሰጣል። ባለቤትዎ ካላመኑ ከከተማው ወጣ ብለው ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ይዩ። አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው። እነሱም ከክንፎቻቸው ጀርባ ያለው ሳጥን ላይ ትንሽ ጠቋሚ አላቸው፤ እሱ አቅጣጫውን እየነገራቸው ነው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ የሚያዞሩት። የእርስዎ ጋኔሻና የመብራቱ ተርባይን አንድ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት። ጋኔሻ በሂንዱዎች እምነት የአማልክቱ የሺቫና የፓርቫቲ ልጅ ነው። እንቅፋት ያነሳል ተብሎ ስለሚታመን ሥራ ወይም ጉዞ ሲጀመር ስሙ ይጠራል። አንዱ ጥርሱ የተሰበረ ነው፤ በእርስዎም ላይ አንዱ ጎዶሎ ከሆነ የሠሪው ጥፋት እንዳይመስልዎት። ሰው እምነቱን ሳይለውጥ ያማረ የእጅ ሥራ ቤቱ ቢያስቀምጥ እኔ በበኩሌ ችግር አይታየኝም። አውሮፓ ውስጥ ስንት ቤተ ክርስቲያን ጫፍ ላይ ጴጥሮስን ያስታወሰው ዶሮ ተሰቅሎ ነፋስ ያሳያል። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ እኛ ሀገር የጣራ ጫፍ ዝም ብሎ ቦታ አይደለም። መስቀልና የሰጎን እንቁላል ካየን ቤተ ክርስቲያን ነው እንላለን፣ ጨረቃ ካየን መስጊድ። ስለዚህ ጎረቤትዎ "ይሄ ደግሞ የምን ቤት ሆነ?" ቢል ብዙ አይፈረድበትም። አንድ ቡና አፍልተው ጠርተው ከልጅዎ አፍ ታሪኩን ቢያሰሟቸው ግማሹ ወሬ እዚያው ይሞታል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ጎረቤቱ ሳይሆን ቆርቆሮው ነው። ቆርቆሮ ማለት ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። መዳብ ላይ የወረደ ዝናብ ትንሽ ትንሽ መዳብ ይዞ ይወርዳል፣ ያ ውኃ ዚንኩ ላይ ሲያርፍ ዚንኩን ይበላዋል፣ ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጠቋሚው ሥር ጀምሮ ቡናማ መስመር ወደ አሸንዳው ሲወርድ ያያሉ። አሸንዳውም ያው ዚንክ ስለሆነ አይተርፍም። ጎማ ጣል አድርገን በቡሎን እናጥብቀው የሚልዎት ባለሙያ ይኖራል። ጎማው ብረትና መዳብ እንዳይነካኩ ያደርጋል እንጂ የሚወርደውን ውኃ አያቆመውም።

ስለዚህ ግቢ ውስጥ ለብቻው ምሰሶ ያቁሙለት። ጣራም ይተርፋል፣ ሐሜቱም ይበርዳል። ምሰሶው ግን ከቤቱ ጣራ ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ ከቤቱ ጋር የተጋጨው ነፋስ እየተጠማዘዘ ስለሚመጣ ጋኔሻ ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር ይውላል። ሥሩን በኮንክሪት ያስይዙ፣ ከመብራት ገመድ ያርቁ፣ በመብረቅ ጊዜ ረጅም ብረት ቀልድ ስላልሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ኧርዝ ያስደርጉለት። መዳቡ የሚዞርበት ዘንግ ስቴንለስ ቢሆን ይመረጣል።

ቀለሙ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ አረንጓዴ ቢሆን አይደንግጡ። ኒውዮርክ ያለችው የነጻነት ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1886 ስትመረቅ የመዳብ ቀለም ነበራት፣ ዛሬ ግን አረንጓዴ ናት። አረንጓዴው ከሥሩ ያለውን መዳብ ይጠብቀዋል። በሎሚና በጨው ፈትገው ሊያበሩት ይችላሉ፣ ግን በየጊዜው ከፈተጉ የሚያልቀው መዳቡ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ መዳብ ገንዘብ ነው። ቆራሌው "አሮጌ ብረት ያለው" እያለ ሲያልፍ ዓይኑ ወደ ላይ መሄዱ አይቀርም። በቀላሉ በመፍቻ እንዳይፈታ ብየዳ ቤት ወስደው የምሰሶውን ቡሎኖች ያስበይዷቸው።

ጥያቄ

ብረታ ብረት ቤት ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛ ሀኑማን (የዝንጀሮ መልክ ያለው የሂንዱዎች አምላክ) ያለበት የነፋስ ጠቋሚ ከመዳብ እንድሠራለት አዘዘኝ። ጅራቱን ረጅምና ቀጭን አድርጌ ሳልኩት። ስቀጠቅጠው ግን መዳቡ ይሰነጠቅብኛል።
(ወጣት ባለሙያ፣ ከአዳማ)

መልስ

ደንበኛህ መርጧል! ሀኑማን በሂንዱዎች ዘንድ የነፋስ አምላክ የቫዩ ልጅ ስለሆነ ከነፋስ ጋር ያለው ነገር የቤተሰብ ነው።

መዳብ በመዶሻ በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፣ ከጠነከረ በኋላ ብትመታው ይሰነጠቃል። እምቢ ማለት ሲጀምር በጋዝ እሳት አሙቀው፤ ጥላ ውስጥ ሆነህ ደብዘዝ ያለ ቀይ ስታይ አቁም። ከዚያ ውኃ ውስጥ ብትከተውም እንደ መጥረቢያ ብረት አይጠነክርብህም፣ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ከሥሩ አሸዋ የሞላው የቆዳ ከረጢት አድርግ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እያሳበጥክ ሂድ፣ በጠነከረ ቁጥር ደግመህ አሙቅ።

ቀጭኑ ጅራት ግን ነፋስ አይይዝም። የሀኑማንን ሰውነት ራሱን ከዘንጉ ኋላ አስቀምጠውና እሱ ነፋሱን ይቀበል፣ ጅራቱ ለጌጥ ይቅር። ከፊት ያለው ቀስት ላይ ክብደት ጨምርበት። ጣትህ ላይ አስቀምጠህ ስትሞክረው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል መቆም አለበት፦ ክብደቱ እኩል፣ ስፋቱ ከኋላ የበለጠ። መገጣጠሚያውን በመዳብ ሪቬት ያዘው። የብረት ሪቬት ከገባ በጥቂት ክረምት ዝጎ ይወድቅና ደንበኛው ሀኑማንን ተሸክሞ ይመጣብሃል።