ባልዲው ከሳሎን ሳይነሳ፦ የጣሪያ ጥያቄዎቻችሁ

ጥቅምት ገባ። የጅማ ዝናብ እየሳሳ ነው፤ የእናንተ መልእክት ግን አላባራም። ስለ ጣሪያ ጠይቁኝ ያልኩት እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ? ግማሹ ጥያቄ ነው፤ ግማሹ የጎረቤት ክስ። ክሱን ለሽማግሌ ትቼዋለሁ። ጥያቄውን አሳጥሬ፣ ስም ሳልጠራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሄርማታ ሠፈር የጻፉ እናት ናቸው። ሳሎናቸው መሀሉ ላይ ያፈሳል። የጠሩት አናጢ ከበር ላይ ሆኖ ቀና ብሎ አየና "ሙሉ ቆርቆሮው ይቀየር" አለ። ልጃቸው ደግሞ "ሚስማር ነው እንጂ ምን አለው" ይላል። ማንን ልመን ነው ነገሩ።

መልስ፦ እትዬ፣ ከሁለቱም በፊት ዓይንዎን ይመኑ። ፀሐይ ጠንከር ባለችበት ቀን ልጅዎ ኮርኒሱ ውስጥ ይግባ። ኮርኒስዎ ማዳበሪያ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥጉን መፍታት ይበቃል። መብራት አያብራ። ጨለማው ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ የተበሳው ቦታ እንደ ኮከብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጠመኔ ምልክት ያድርግበት። እግሩ እንጨት ላይ ይሁን እንጂ ኮርኒሱን እንዳይረግጥ፤ ከቆርቆሮው በፊት እሱን ልንጠግን ነው።

ሳሎን መሀል ተንጠባጠበ ማለት ቀዳዳው ከዚያው በላይ ነው ማለት አይደለም። ውሃ በአንድ በኩል ይገባል፣ ቆርቆሮው የሚመታበትን እንጨት፣ ሞራሌውን፣ ተከትሎ ይወርዳል፣ ከዚያ ደስ ያለው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት ሜትር ርቆ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሚንጠባጠብበት ጀምሮ ወደ ጣሪያው አናት እያዩ መሄድ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ትንሽ ነው። የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወይም ሚስማሩ ቆርቆሮው ጉብ ያለበት ላይ መመታት ሲገባው ውሃው በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ተመቷል። ወይም የጣሪያውን አናት የሚከድነው ኮልሞ ተነስቷል። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚደራረብበት አጥሮም ይሆናል። ይሄ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ዝገቱን በቀለሙ ይለዩት። ነጭ ዱቄት የመሰለው ብረቱ የተለበጠበት የዚንኩ ነው፤ ገና ጊዜ አለዎት። ቀይ ከሆነ ዚንኩ አልቆ ብረቱ ራሱ እየተበላ ነው። ቀዩ ሚስማሩ ዙሪያና ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ የተጎዱትን ቆርቆሮዎች ለይተው ይቀይሩ። ጣሪያው በሙሉ ቀልቶ፣ በሚስማር ጫን ሲሉት ብስት የሚል ከሆነ ግን አናጢው ሳያይም ቢሆን ልክ ብሏል። ከማዕድ ቤት በላይ ያለውን መጀመሪያ ይዩ፤ ጭስና እንፋሎት እሱን ነው ቀድሞ የሚጨርሰው።

ሁለቱም ያላነሱት ግን እንጨቱን ነው። ልጅዎ ካቻቢቴ ይዞ ሞራሌውን ወጋ ወጋ ያድርገው። እንደ ዳቦ ከገባለት ወይም ዱቄት ከረገፈ፣ ምስጥ ወይም ነቀዝ ገብቶበታል። በበሰበሰ እንጨት ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ለሬሳ ካባ መደረብ ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ ቆርቆሮ ይሻላል ወይስ ሰማያዊ?

መልስ፦ ባለቤትዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ ቆርቆሮ ሊገዛ ሄዶ 28 ጌጅና 35 ጌጅ አሳዩት። ሻጩ "ቁጥሩ ሲበዛ ጥሩ ነው" አለው።

መልስ፦ ሻጩ ወይ አያውቅም፣ ወይ በደንብ ያውቃል። ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ውፍረቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። 35 ጌጅ ደግሞ ወደ 0.2፤ ግማሹ ማለት ነው። ለዶሮ ቤት 35 ይሁን። ለምትኖርበት ቤት ግን ሰው ሲወጣበት የሚጎደጉድ ነገር አትግዛ።

ጥያቄ፦ ዲሽ የሚተክለው ልጅ ቆርቆሮው ላይ በስቶ ሰካው። ከዚያ ወዲህ ያፈሳል። ዲሹን ላንሳው?

መልስ፦ ዲሹ ግድግዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ በተተከለ ብረት ላይ ይቁም። የተበሳውን ቆርቆሮ አናጢ ያስተካክለው። ሬንጅ ለጥፎ መሄድ ለአንድ ክረምት ነው፤ በሁለተኛው ይላቀቃል። የዲሹን ልጅ መልሰህ አትጥራው፤ ኳስ ሊጀምር ሲል ቸኩሎ ካልሆነ በቀር የት እንደሚበሳ ያየ ሰው አይፈቅድለትም።

ጥያቄ፦ ከጊንጆ። ባለፈው ታኅሣሥ ጠብታ ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። አንድ ጣሪያ ሠሪ "ቆርቆሮው አርጅቷል" ብሎ ዋጋ ነግሯቸዋል። ቆርቆሮው ሦስት ዓመቱ ነው።

መልስ፦ ያ ፍሳሽ አይደለም፤ ላብ ነው። በበጋ የጅማ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቆርቆሮውም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከታች የሚወጣው ሙቅ እንፋሎት፣ የሰው ትንፋሽም ጭምር፣ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ድስት ሲከድኑ ክዳኑ ሥር የሚያዩት ነው። ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም ጎን አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ያስከፍቱ፤ ወንፊት ይደረግበት፣ አይጥ እንዳይገባ። ሰውየውን አመስግነው ይሸኙት።

ጥያቄ፦ ከቦሳ ቂጦ አንድ ወጣት የአባቱን ቤት ወርሷል። ጣሪያው ከነእንጨቱ መቀየር አለበት። የአክስቱ ልጅ ያመጣለት አናጢ ግማሹን ቀብድ ካልያዝኩ አልጀምርም ብሏል። ጎበዝ ነው ይባላል። እንዴት አድርጌ ልወቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም የተቃጠልኩበት ነው። አንድ ዓመት፣ ልክ በዚህ ሰሞን፣ "ጎበዝ ነው" ለተባለ አናጢ ሙሉውን ከፈልኩ። አሮጌውን ቆርቆሮ በአንድ ቀን አወረደው። በማግስቱ ቡና ለቀማ ደረሰ ተባለና ረዳቶቹን ይዞ ወደ አጋሮ ሄደ። ዘጠኝ ሌሊት ከሰማይ ጋር ፊት ለፊት ተኛን። በሰባተኛው ቀን ዘነበ። ሰውየው ሌባ አልነበረም፤ ተመልሶ ጨረሰው፣ አሳምሮም ሠራው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ገንዘቡን ጨርሶ የተቀበለን ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

ከዚያ ወዲህ ሰው ስቀጥር ባለፈው ወር የሠራውን አላይም። አዲስ ጣሪያ ሁሉ ያምራል። ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበትን አሳየኝ እላለሁ። ከዚያ እሱን ሸኝቼ የቤቱን እመቤት ብቻቸውን አወራቸዋለሁ። "ያፈሳል ወይ?" አይደለም ጥያቄዬ። "አፈሰ ብለው ሲጠሩት መጣ ወይ?" ነው። መልሱ ከቡናው ሁለተኛ ስኒ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ቤትህ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግም እይ። ከበር ሆኖ ዋጋ የሚጠራ ሰው ጣሪያህን አላየም፤ ያየው አንተን ነው። መሰላል የጠየቀውን፣ ከውስጥ የገባውን፣ ሜትር ያወጣውን፣ "ይሄ እንጨት ደህና ነው፣ አይነካ" ያለህን ያዘው። ሥራ የሚቀንስልህ ባለሙያ ብርቅ ነው።

ዕቃውን አንተው ግዛና የእጅ ዋጋውን ለብቻ ተስማሙ። የቀን ሂሳብ ሥራውን ያስረዝመዋል፤ ኮንትራት ደግሞ ያስሮጠዋል። እኔ ለጥገና የቀን፣ ለሙሉ ጣሪያ ኮንትራት እመርጣለሁ። የሚሮጠውን የሚይዝልህ ወረቀት ነው። አንድ ገጽ፣ ሁለት ምስክር። የቆርቆሮው ጌጅ ይጻፍ፣ ሞራሌው በስንት በስንት እንደሚመታ ይጻፍ፣ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ። በቀን ሊከድን የሚችለውን ያህል ብቻ እንደሚገልጥ ይጻፍ፤ ይህቺን ከዘጠኙ ሌሊት የተማርኳት ናት። አሮጌው ቆርቆሮ የማን እንደሆነም ይጻፍ። አትሳቅ። አናጢው ለቆራሌው ሸጦት ከባለቤቱ ጋር ሲካሰሱ መሀል ገብቼ አስታርቄያለሁ።

ወደ ቀብዱ እንምጣ። ዕቃውን አንተ ከገዛህ ግማሽ ቀብድ ለምኑ ነው? ረዳቶቹ መብላት አለባቸው፣ ያ እውነት ነው። ሩብ ስጠው። እንጨቱ ሲያልቅ ጨምርለት፤ ቆርቆሮው ሲመታ ጨምርለት። ከአሥር አንዱን እጅ ግን ውሃ ሳይፈትነው አትስጥ። ደግሞ በኅዳር የሠራን ሰው እስከ መጋቢት ዝናብ አታስጠብቀው፤ እሱ ግፍ ነው። የውሃ ጎማ ተዋስ፣ ኮልሞው ላይ ግማሽ ሰዓት ልቀቅበት፣ አንተ ኮርኒሱ ውስጥ ሆነህ እይ። ቧንቧው ውሃ ያለው ቀን ምረጥ እንጂ።

ሕግም አለልህ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ደህንነትና ጥንካሬ የ10 ዓመት ዋስትና ያስገባዋል። የአንተ ጉዳይ እንዴት እንደሚታይ ጠበቃ ጠይቅ። ወረቀቱ ከሌለህ ግን ጠበቃውስ ምን ይዞ ይከራከርልህ?

ጊዜውን አስብበት። እዚህ ከተማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። ጣሪያህ 100 ካሬ ከሆነ 150,000 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 7,500 ጄሪካን በራስህ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ለሥራው የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ ቡና ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውህን ዛሬ፣ በጥቅምት፣ ያዝ፤ ቀኑን ተቀጣጠሩ።

እና እባክህ፣ የሚወጣው ልጅ ገመድ ይታጠቅ። "ለምዶታል" አትበለኝ። የሚወድቀው የለመደው ነው፤ ያልለመደውማ ፈርቶ ይጠነቀቃል። ርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ። ገመዱን ራስህ ገዝተህ ስጠው፤ ካልታጠቀ ሥራው አይጀመር።

ጥያቄ፦ ውሃው በአምፖሉ በኩል ነው የሚወርደው። ከሥሩ ባልዲ አድርገናል። መብራቱ ግን ይሠራል።

መልስ፦ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ ተነስና ብሬከሩን አውርድ። እጅህ ደረቅ ይሁን፣ ጫማ አድርግ። አምፖሉን አትንካ፣ ኮርኒሱ ውስጥ አትግባ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ገመዱን ሳይፈትሽ መልሰህ አታብራ፤ ሠፈር ውስጥ "ትንሽ የሚሞክር" ልጅ አይደለም፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ። ጣሪያ ሠሪው ከእሱ በኋላ ይመጣል። ዛሬ ማታ በሻማ እራታችሁን ብሉ።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አሮጌ ቤት። ጣሪያው ቆርቆሮ ሳይሆን ግራጫ ኢተርኒት፣ ከሲሚንቶ የተሠራ ክዳን፣ ነው። ልጆቹ አፍርሰው አዲስ ሊያለብሱ ነው፤ ቅዳሜ ተሰብስበው ራሳቸው ሊያወርዱት አስበዋል።

መልስ፦ ቅዳሜን ሰርዙ። የድሮ ኢተርኒት አስቤስቶስ የሚባል ክር መሰል ማዕድን ይኖረዋል። ሲሰበር፣ ሲጋዝና ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ለዓይን አይታይም፤ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ካንሰሩ የሚመጣው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ኢተርኒት ሲረግጡት በድንገት ይሰበርና ሰውን ይዞ ይወርዳል። ካልተሰነጠቀ ባለበት ይቀመጥ፤ ዝም ካሉት ዝም ይላል። መውረድ ካለበት ይህን ሥራ የሚያውቅ መሐንዲስ ፈልጉ። ውድ ነው ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። ልጆቹ አጠገቡ አይድረሱ፤ ስብርባሪውም የዶሮ ቤት መክደኛ አይሁን።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ጣሪያ ፍሳሽ የእኔን ጭቃ ግድግዳ እየበላው ነው።

መልስ፦ ይሄኛው ክስ ሾልኮ ገባ። አሸንዳ ያድርግ በሉት፤ ቡና ጠርታችሁ፣ በጩኸት ሳይሆን። ወጪውን ብትጋሩት ከግድግዳው ይረክሳል። የራስዎ ክዳን አጭር እንደሆነም ይዩ፤ ጭቃ ቤት ቢያንስ ክንድ ያህል ወጣ ያለ ክዳን ይፈልጋል። እምቢ ካለ ቀበሌ አለ።

ጥያቄ፦ ነፋስ እንዳይወስደው ጣሪያዬ ላይ ድንጋይና አሮጌ የመኪና ጎማ ጭኜበታለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ድንጋዩ ሥር ውሃና ቅጠል ይቋጥራል፣ ቆርቆሮው ከዚያው ይዝጋል። ቆርቆሮው በደንብ ይመታና ድንጋዩንና ጎማውን ያውርዱ። ልጆች ከታች ሲጫወቱ አይደለም።