ከሰል የኩሬ ደለል ያጸዳል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከኮምቦልቻ ዳር ያለው የአባትሽ ኩሬ፣ ከላይ ካለው ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት እየወረደበት ደለሉ ጠቁሯል፤ አንድ ሰው ደግሞ «ከሰል ድፉበት» ብሏችኋል። ሰውየው አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ።

እኔም ሐይቅ ከተማ አካባቢ በነበረችኝ የዓሣ ኩሬ ይኸው ጣጣ ደርሶብኛል። አንድ ማዳበሪያ ከሰል በሙቀጫ ወቅጬ በተንኩት። ጠዋት ብሄድ ሁሉም ተንሳፎ ነፋስ አንድ ጥግ ላይ ቆልሎታል። ጎረቤቴ «ቡና ልታፈላበት ነው?» ብሎ ስቆብኛል። ለካ ከሰል ቀዳዳው ሁሉ አየር ነው። ሁለተኛውን ዙር ሦስት ቀን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ከሸክላ አፈርና ከአሸዋ ጋር ለውሼ፣ እንደ ሽምብራ አድቦልቡዬ፣ አድርቄ ጣልኩት። ያኔ ሰመጠ፣ ታች ደርሶም ቀስ እያለ ፈረሰ። ከወራት በኋላ ጭቃውን በዱላ ስነካው ወደ ላይ የሚወጣው የዘይት ቀለም ቀንሶ አገኘሁት። ጠፋ አላልኩም።

አይጠፋማ። ከሰል መርዙን ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። የዘይት ቅሪትም ሆነ የተባይ መድኃኒቱ ዲዲቲ ውሃ አይወዱም፤ ከሰሉ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይጣበቃሉ፤ ወደ ውሃው፣ ወደ ትሉና ወደ ዓሣው የሚያልፈው ያንሳል። ፋብሪካ ቀዳዳው እንዲበዛ አድርጎ የሚሠራው ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) የ1 ግራሙ የቀዳዳ ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ 1,000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የቤታችን ከሰል ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ብዙ ይፈልጋል። ቆዳ ፋብሪካ የሚለቀው ክሮሚየም የተባለ ብረት ላይ ግን በዚህ ዘዴ አትተማመኚ። ቦርከና ወንዝም ላይ እንዳትሞክሩት፣ የክረምት ጎርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል።

መጠኑን ላስላልሽ። የላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር ጭቃ በ1 ካሬ ሜትር ሲደርቅ 60 ኪሎ ገደማ ነው እንበል። የተለመደው የከሰል መጠን የደረቁ ጭቃ ክብደት ከ2 እስከ 5 በመቶ ስለሆነ፣ በ5 በመቶ 3 ኪሎ ይሆናል። ኩሬው 100 ካሬ ሜትር ከሆነ 300 ኪሎ! ለዚህ ሲባል ዛፍ መቁረጥ አልወድም፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ በተከደነ በርሜል አክስሉ፣ ለመውቀጥም ይቀላል። አመዱን በወንፊት ለዩት፣ አለዚያ ውሃውን እንደ እንዶድ ያሙለጨልጨዋል። ዓሣ ካለበት ደግሞ ለጊዜው አትብሉት።

የእኔን ልፋት ከንቱ ያደረገው ግን ከሰሉ አልነበረም። ጋራዡ የሚያፈሰውን ሳላስቆም ነበር የጀመርኩት። በክረምቱ አዲስ ዘይት ወርዶ ከላይ ተኛበት፣ እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። አባትሽ መጀመሪያ ከኩሬው በላይ ቦይ ቆፍረው ፍሳሹን ያስቀይሩ፤ ሰኔ ሳይገባ።