ከመልበሻ ክፍሉ፦ ስለ ገና ፓንቶ ተዋንያን ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፓንቶ፣ ማለትም እንግሊዞች በገና ሰሞን ለቤተሰብ ስለሚያሳዩት ዘፈንና ቀልድ የሞላበት የተረት ቲያትር ናቸው። እንግሊዝ አገር ያላችሁት፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት የቲያትር ወረቀት ይዘው የሚመጡበት ወቅት ስለሆነ አልገረመኝም። እኔ ለንደን ውስጥ የተዋንያን አልባሽ ሆኜ ስለምሠራ ከመጋረጃው ጀርባ የማየውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

*እትዬ፣ የልጄ ክፍል “ሲንድሬላ”ን ሊያይ ሲሄድ አጃቢ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። የእንጀራ እናቷ ልጆች የተባሉት ሁለት ግዙፍ ወንዶች ናቸው! ልዑሉ ደግሞ ሴት። ልጄ በሳቅ ሲንከተከት እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። ማን ምን እንደሆነ እስቲ አስረጂኝ።*
*እናት፣ ከሳውዝዋርክ*

እህቴ፣ አይፈረድብሽም፤ የመጀመሪያ ቀን ሁላችንም እንደዚያው ነን። ሲንድሬላም ሆነ አላዲን፣ ወይም ጃክና የባቄላው ተክል፣ ተረቱን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰዉ የሚመጣው ተዋንያኑ በታወቀው ተረት ላይ እንዴት እንደሚቀልዱ ለማየት ነው። ስለዚህ ከተረቱ ይልቅ የሥራ ድርሻውን ብታውቂ ይቀልሻል።

የሴት ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ “ዴም” ይባላል። በአላዲን ተረት የልጁ እናት፣ ልብስ አጣቢዋ ዊዶ ትዋንኪ ናት፤ ይህ ስም የተሰጣት በ1861 ለንደን ውስጥ በቀረበ ድርሰት ሲሆን የተወሰደውም ከአንድ የቻይና ሻይ ቅጠል ነው። ዴም ሴት ለመምሰል አይደክምም። ድምፁን አያቀጥንም፣ አረማመዱንም አይቀይርም። ዊጉ ሥር ያለው ሰውዬ መሆኑን የአራት ዓመት ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ሳቁ የሚመጣውም ከዚያ ነው። በ“ሲንድሬላ” ግን ቀልዱን የሚካፈሉት ሁለቱ አስቀያሚ እህቶች ናቸው።

ልዑሉን ሴት የምትጫወተው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የተለመደ ነገር ሆኖ ነው። በዚያን ጊዜ የሴት ልጅ እግር በአደባባይ የሚታየው እንዲህ ባለ አጋጣሚ ብቻ ስለነበር ቲኬት በደንብ ያሸጥ ነበር ይባላል። አሁን ወንድ የሚያጫውቱት በዝተዋል። እኔ የድሮውን እመርጣለሁ፤ ቦት ጫማ አድርጋ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጣል አድርጋ ስትገባ አዳራሹ ይነቃል።

ሲንድሬላን የሚያፈቅራት ግን የማያገኛት አሽከር በተንስ ይባላል፤ ከልጆቹ ጋር የሚያወራው እሱ ነው። ክፉው ገጸ ባሕርይ የሚገባው ከመድረኩ ግራ፣ ማለትም ለተቀመጠ ሰው በቀኝ በኩል ነው፤ ደጓ ባለ አስማት ደግሞ በተቃራኒው ትገባለች። ይህ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው፣ እስካሁንም ብዙዎቹ ይጠብቁታል።

ከሁሉም ከባዱ ሥራ የዴሙ ነው። ዴም መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር አዲስ ቀሚስ ይጠበቅበታል። እኔ ከመድረኩ ጎን በጨለማ፣ ትንሽ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ እጠብቀዋለሁ። እየሮጠ ይመጣና ጀርባውን ይሰጠኛል፤ ቀሚሱ በቬልክሮ የተያዘ ስለሆነ አንዴ ስቤ እገነጥለዋለሁ። ከሥሩ ስፖንጅ የተሞላ ደረት አለ፣ ከዚያ በታች የሽቦ ቀለበት ያለው ጉርድ፣ ከዚያ በታች በላብ የራሰ ካናቴራ። አዲሱን ቀሚስ ወለሉ ላይ ክብ አድርጌ ዘርግቼዋለሁ፤ ሁለት እግሩን ያስገባል፣ ወደ ላይ እስባለሁ፣ ሌላዋ ባልደረባዬ ዊጉን ትጭንለታለች፣ እሱ በዚያች ቅጽበት ውኃ በስትሮው ይጠጣል። መብራቱ ሳይበራ ሄዷል። ይህን ሁሉ አድርጎ ወጥቶ ደግሞ ማሳቅ አለበት።

*ቲያትር ተምሬ ተመርቄያለሁ። “ቤይዎች” በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የምናውቀው ዴቪድ ሃሰልሆፍ የባሕር ወንበዴውን የካፒቴን ሁክን ልብስ ለብሶ ከልጆች ጋር ሲጯጯህ ቪዲዮ አየሁ። የገነነ ተዋናይ እዚያ ሲደርስ አበቃለት ማለት ነው?*
*አ.፣ ከአዲስ አበባ*

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ እንግሊዞቹ ራሳቸው በሹክሹክታ ይጠያየቁታል። ያየኸው ምናልባት በ2010 ዊምብልደን በሚገኘው ቲያትር ቤት የተሠራው ይሆናል። እዚያው መድረክ ላይ በ2009 ፓሜላ አንደርሰን ከአላዲን ፋኖስ የምትወጣዋ ጂኒ ሆና ነበር። ሚኪ ሩኒን ታውቀዋለህ? በ1930ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሲኒማ ከሱ በላይ ተመልካች የሚስብ አልነበረም። በ2007፣ በ87 ዓመቱ፣ ሰንደርላንድ ድረስ መጥቶ የሲንድሬላን አባት ተጫወተ፤ ሚስቱም ባለ አስማቷ ሆና አብራው ነበረች። እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር የሚያነብ ሰው “ፓንቶ የአሮጌ ዝና ማረፊያ ነው” ቢል አይገርምም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እይ። ጁሊ አንድሩስ በ1953 ገና በለንደን ፓላዲየም ቲያትር ሲንድሬላን ስትጫወት 18 ዓመቷ ነበር። እዚያ ያየቻት አዘጋጅ ለብሮድዌይ መረጠቻት። በቀጣዩ መስከረም፣ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ኒውዮርክ ውስጥ በ“ዘ ቦይ ፍሬንድ” መድረክ ወጣች። ከዚያ “ማይ ፌር ሌዲ” መጣ፣ በ1964 ደግሞ “ሜሪ ፖፒንስ”፤ ለእሱም ኦስካር ወሰደች። ለእሷ ፓንቶ የመነሻ በር ነበር።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ እኔ የማከብረው። ኢያን ማኬለን የሼክስፒርን ታላላቅ ንጉሦች የተጫወተ፣ በፊልም ጋንዳልፍን ሆኖ ዓለም ያወቀው፣ የ“ሰር” ማዕረግ ያለው ሰው ነው። በ2004 ኦልድ ቪክ ቲያትር ውስጥ የልብስ አጣቢዋን ቀሚስ አጠለቀ፣ በዓመቱም ደገመው። በ2022 ደግሞ በ83 ዓመቱ “ማዘር ጉስ” የተባለውን ፓንቶ ይዞ ከለንደን አልፎ በየከተማው ዞረ። ገንዘብ ወይም ስም ቸግሮት ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ክላይቭ ሮውም እንደዚሁ ነው፤ በ1997 “ጋይስ ኤንድ ዶልስ” ላይ ባሳየው ብቃት ታዋቂውን የእንግሊዝ የቲያትር ሽልማት ኦሊቪዬን የወሰደ ዘፋኝ ተዋናይ ሆኖ ሳለ በለንደኑ ሃክኒ ኢምፓየር ቲያትር መድረክ ዴም ሆኖ ሲወጣ ሰፈሩ እንዳለ ይከተለዋል።

ፖስተር ላይ ስማቸው በትልቁ የሚጻፉት ግን ቢበዛ ሁለት ሦስት ናቸው። ሥራውን የሚሸከሙት ሌሎቹ ናቸው። ቤሪክ ኬለር የሚባል ተዋናይ ዮርክ ከተማ ውስጥ 40 ዓመት ያህል ዴም ሆኖ ሠርቷል፤ ራሱ ይጽፍ፣ ራሱ ያዘጋጅ፣ ከመድረክ ወደ ሕዝቡ ብስኩት ይወረውር ነበር። ሰዎች ሌሊት ተሰልፈው ቲኬቱን ይገዙ ነበር። እሱን ከዮርክ ውጭ የማያውቀው ሰው ብዙ ነው። ታዲያ ይህ ሥራው ያበቃለት ተዋናይ ነው?

ምክር ከፈለግህ፣ ልምምዱ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ፣ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ። ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የሚያገኙት እዚህ ነው፤ ጭፈራ ውስጥ ገብተው፣ የዛፍ ልብስ ለብሰው፣ ወይም የፈረሱ የኋላ እግር ሆነው። የኋላ እግር የሆነው ልጅ ሁለት ሰዓት ጎንበስ ብሎ የባልደረባውን ወገብ ይዞ ሲጨፍር አይቼዋለሁ፤ ወጥቶ ሲቀና ጀርባው ይንቋቋል። ያን ልጅ ከዓመታት በኋላ ቁም ነገር ያለው ተውኔት ላይ ሳየው ማንም ተመልካች አያስደነግጠውም። ስምንት መቶ ሕፃን እየጮኸ የተናገረ ሰው ከእንግዲህ ምን ይፈራል?

*በገና ዕለትም ይሠራሉ? ልጄ ለአንዱ ተዋናይ አዝና “ቤተሰብ የለውም?” አለችኝ።*
*ከሊድስ*

በገናቸው ዕለት፣ በዲሴምበር 25፣ ብዙውን ጊዜ እረፍት ነው። ዋዜማውንም ማግስቱንም ግን ይሠራሉ። ከቤተሰቡ ርቆ የሚሠራ ተዋናይ ዋዜማ ማታ ሜካፑን ሳይጨርስ አጥቦ ባቡር ሲያሳድድ ታያለሽ፤ በገና ማግስት ማለዳ ደግሞ ይመለሳል። ልጅሽ ልክ ናት፣ ያሳዝናሉ።

*የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ለፓንቶ ጭፈራ ተመረጠች። ደስ ብሎናል፣ ግን ትምህርቷስ? ማንስ ይጠብቃታል?*
*አባት፣ ከበርሚንግሃም*

እንኳን ደስ አላችሁ። ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ ብዙ አትጨነቁ። ልጅቷ ከመጫወቷ በፊት ከምትኖሩበት አካባቢ አስተዳደር፣ ከካውንስሉ፣ ፈቃድ ይወጣላታል። የሚያመለክተው ድርጅቱ ነው፣ እናንተ ትፈርማላችሁ፤ ካውንስሉ ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ እንዲደርሰው ስለሚፈልግ ፎቶና የልደት ወረቀት ሲጠይቋችሁ ቶሎ ስጡ። የትምህርት ሰዓት የሚነካ ከሆነ ከትምህርት ቤቱም ፈቃድ ይጠየቃል። ቲያትር ቤቱ ውስጥ ካውንስሉ ያጸደቃት ጠባቂ ከጎኗ አትለይም፤ ሽንት ቤት እንኳ ይዛት ትሄዳለች። ልጆቹ በሁለት ወይም በሦስት ቡድን ይከፈሉና እየተፈራረቁ ይሠራሉ፣ ስለዚህ በየቀኑ አትሄድም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ሳንድዊች ላኩላት እንጂ ወጥ ያለበት ነገር አትላኩ። ነጭ ቀሚስ ላይ የፈሰሰ ቀይ ወጥ የማጥበው እኔ ነኝ።

*በወጣትነቴ አዲስ አበባ የሴት ቦታ በወንድ ሲሠራ እሰማ ነበር። የእንግሊዞቹም ከዚያው የመጣ ነው ወይ?*
*አዛውንት አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ*

አባቴ፣ መልኩ ይመሳሰላል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ድሮ ወንዶች ሴት ሆነው የሚጫወቱት ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ነው፤ ተመልካቹም ሴት ናት ብሎ እንዲቀበል ይፈለጋል። ፓንቶ ውስጥ ግን ሴቶቹ እዚያው ቆመው እያለ ነው ወንዱ ቀሚስ የሚለብሰው።

መሠረቱን የጣለው ጆሴፍ ግሪማልዲ የሚባል ቀልደኛ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው መድረክ የወጣ፣ በ1806 በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ቲያትር በቀረበው “ማዘር ጉስ” ስሙ የተጠራ ሰው። በዚያ ዘመን ሥራው በአብዛኛው መውደቅ፣ መገለባበጥና መዝፈን ነበር፤ ሰውነቱ ቶሎ ተሰበረ። በ1828 የመሰናበቻ ዝግጅቱን ሲያቀርብ መቆም አቅቶት የመጨረሻ ዘፈኑን ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነው። ዛሬም በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ እሑድ ምሥራቅ ለንደን በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን የሰርከስ ቀልደኞች ቀይ አፍንጫቸውን አድርገው ለመታሰቢያው ይሰበሰባሉ። ባለቀይ አፍንጫ ምእመን ዲያቆኑን ተከትሎ ሲያዜም ያስቡት እስቲ።

ዴሙን ግን ዛሬ የምናውቀው ያደረገው ዳን ሌኖ ነው። ድህነት ውስጥ ያደገ፣ በእንጨት ጫማ ጭፈራ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። በ1880ዎቹ የድሩሪ ሌን ቲያትር ኃላፊ አውጉስተስ ሃሪስ የመጠጥና የዘፈን አዳራሽ ኮከቦችን ወደ ፓንቶ ማምጣት ሲጀምር ሌኖም በ1888 ገባ፣ እስከ ሞቱ ድረስም በየገናው እዚያው ነበር። እሱ ቀጫጫ፣ ጓደኛው ኸርበርት ካምቤል ደግሞ ወፍራም። የሌኖ አሮጊት የምታስቀው የእውነት ጎረቤት ስለምትመስል ነበር ይባላል፤ ባሏ የጠፋባት፣ ኪራይ የከበዳት፣ ሆኖም ወሬ የማታቆም። ሁለቱም በ1904 ሞቱ። ሌኖ 43 ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ በፊትም አእምሮው ታውኮ ታክሟል።

*ልጆቼን በእኛ ገና ዕለት ልወስዳቸው አስቤያለሁ። እስከዚያ ይቆያል? የትስ ብንቀመጥ ይሻላል?*
*ከለንደን*

የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ጥቂት የማይባሉ ቲያትር ቤቶች እስከዚያ ሳምንት ስለሚያሳዩ ቀኑን አጣሪ። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ዋጋውም ይቀንሳል፣ ተዋንያኑም ነፃ ይሆናሉ፤ ከጽሑፉ የወጣ ቀልድ የምትሰሚው ያን ጊዜ ነው። ከቅዳሴ መልስ ለቀኑ ትርዒት ትደርሳላችሁ፤ ጉዞው ረዥም ከሆነ ግን ለልጆቹ የሚበላ ያዙላቸው፣ እዚያ ያለው አይስክሬም ውድ ነው።

ትንንሾቹን መሐል አካባቢ አስቀምጫቸው። ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ውኃና አረፋ ይረጭበታል። ክፉው ከኋላ ሲመጣ “ከኋላህ ነው!” ብለው ሲጮኹ አትገሥጪያቸው፣ የመጡት ለዚያ ነው። ባልሽን ደግሞ ከፊት፣ ከመተላለፊያው ዳር እንዳታስቀምጪው። ዴሙ በየትርዒቱ አንድ ወንድ ይመርጥና ስሙን ጠይቆ እስከ መጨረሻው “ውዴ” እያለ ይጠራዋል። የእኛ ሰው ደግሞ ሲያፍር ይበልጥ ስለሚያስቅ አይለቁትም።