ከቀድሞ የመኪና ወኪሎች መጋዘን መለዋወጫ ስለ መፈለግ፤ ከወሎ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በአካባቢው የቆዩ መኪኖች ያሏችሁ ሰዎች፣ ፋብሪካዎች መሥራት ያቆሙትን መለዋወጫ ከቀድሞ ወኪሎችና ከአሮጌ መደብሮች እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ጠይቃችኋል። ጥያቄዎቹን በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ ለፊያት 600 መኪናዬ የውሃ ፓምፕ ፈልጌ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን አሮጌ ሱቆች ሁሉ አዳረስኩ። ሁሉም «የለም» አሉኝ። ዕቃው በእርግጥ ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ «የለም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዕቃው ስለሌለ ሳይሆን፣ የተጠየቀበት መንገድ መጋዘኑ ከተደራጀበት መንገድ ጋር ስለማይገጥም ነው። የወኪል መጋዘን የሚደራጀው በዕቃ ቁጥር እንጂ በመኪና ስም አይደለም። በካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ወጣትም ፊያት 600 ሲነዳ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የሱቁን ደጃፍ ከመርገጥዎ በፊት ቁጥሩን ከካታሎግ ያግኙ። በፓምፑ አካል ላይ በቀረጻ የወጣው ቁጥር ከካታሎጉ ቁጥር ሊለይ ስለሚችል ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ። የሞተርዎን ዓይነትም አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ፊያት 600 የ633 ሲሲ ሞተር ሲኖረው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. የመጣው ዓይነት ግን 767 ሲሲ ነው።

ከዚያም ባለ ሱቁን «ዕቃው አለ ወይ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ አሮጌዎቹን ቢን ካርዶች (የየዕቃው መመዝገቢያ ካርዶች) እንዲያሳይዎት በትሕትና ይለምኑት። ቢን ካርዱ ላይ የገቢ፣ የወጪና የቀሪ ዓምድ አለ። ቀሪው ዜሮ ካልሆነና ካርዱ ከተዘጋ ዓመታት ካለፉ፣ ዕቃው ከላይኛው መደርደሪያ ወይም ከጓዳው ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ ተረስቶ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። በእኔ እምነት የአንድ አሮጌ ወኪል ቤት ትልቁ ሀብት በመደርደሪያው ካለው ዕቃ ይልቅ ካታሎጉና ካርዱ ነው፤ ስለዚህ ካታሎጉን ካገኙ ገጹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ እንጂ ፈጽሞ እንዳይገነጥሉት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የከባድ መኪና ዕቃ ከደሴ ይልቅ እዚህ ይገኛል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ምክንያት ያለው አባባል ነው። የአሰብ መንገድ በባቲና በሚሌ አድርጎ ከኮምቦልቻ ጋር ይገናኛል፤ እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስም አሰብ የአገሪቱ ዋና ወደብ ስለነበር፣ ከተማዋ የከባድ መኪና ጋራዦችና መለዋወጫ ቤቶች መቆሚያ ሆና ኖራለች። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እና የፍሪሲዮን ዕቃ ሲፈልጉ የቀድሞ የትራንስፖርት ጋራዦችን ጓዳ መጠየቅ አይርሱ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ላዳ አለኝ። ለፊያት 124 ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ ይሆነኛል?

መልስ፦ ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ስለሆነ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ዕቃቸው ግን በብዙ ቦታ ይለያያል። የላዳ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል ላይ ሲሆን የመጀመሪያው ፊያት 124 ካምሻፍት በብሎኩ ውስጥ ነው፤ የኋላ ፍሬኑም በላዳ ታምቡር፣ በፊያት ዲስክ ነው። የሞተርና የኋላ ፍሬን ዕቃ ከሆነ አይግዙ፤ ሌላ ዕቃ ከሆነ ግን አሮጌውን ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ሳይለኩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ከነማሸጊያው የተቀመጠ ኦርጂናል የፍሬን ጎሚኒ አገኘሁ። ያልተነካ ስለሆነ ልግጠመው?

መልስ፦ እባክዎን አይግጠሙት። ብረት በሰም ወረቀት ተጠቅልሎና ቅባት ተቀብቶ ለአሥርተ ዓመታት ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል፤ ጎማ ግን በማሸጊያው ውስጥ እንዳለም ያረጃል፣ የባቲ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። ጎሚኒውን በሁለት ጣት አጥፈው ወደ ብርሃን ቢያዞሩት፣ በመታጠፊያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያዩ ይሆናል። ስንጥቅ ባይታይ እንኳ ከንፈሩ ደርቆ ከሆነ ፍሬኑ በተረገጠ ጊዜ ግፊቱን አይዝም። ዋናውን ሲሊንደር በአሮጌነቱ ይግዙት፣ በውስጡ የሚገባውን ጎሚኒ ግን በልኩ አዲስ ያስገቡለት። ሲያጥቡትም በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ይሁን፤ ናፍጣ፣ ቤንዚንና የሞተር ዘይት የፍሬን ጎማን ያሳብጣሉ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ ጊዜ የተሠራ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። በርካሽ ቢቀርብልዎትም ይተውት። ቀድሞ የተገጠመ ካለም ታምቡሩን በኮምፕሬሰር አየር አያስነፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ለቮልስዋገኔ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ተገኝቶልኛል፤ በምን ልለየው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቮልቱን ይዩ፤ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ቮልስዋገኖች በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ናቸው። በዕቃ ቁጥሩ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ቀጥሎ የሚመጣው አኃዝ የዕቃውን ክፍል ይነግርዎታል፤ 1 ሞተር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 9 ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ሞተሪኖ ተብሎ የቀረበልዎት ዕቃ በዚያ ቦታ ላይ 9 ሊኖረው ይገባል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ከአሮጌ ወኪል የገዛሁት ያልተነካ ካርቡራተር ጥቁር ጭስ ያስወጣል። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ካርቡራተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ አየር ነው፤ ደሴ ግን ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ የአየሩ እፍጋትም በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጭሱም ከዚያ ይመጣል። በሶሌክስና በዌበር ካርቡራተሮች ጄት (ቤንዚኑ በሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 130 ማለት 1.30 ሚሊ ሜትር ነው። ከ130 ወደ 125 ዝቅ አድርገው ጥቂት ይንዱና የካንዴላውን ቀለም ይመልከቱ። ቡናማ ከሆነ ተስማምቷል። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ አየሩ ስለሚወፍር፣ ካንዴላው እዚያ ነጥቶ ከተገኘ ጄቱን ከልክ በላይ አጥብበዋል ማለት ነው።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ የአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ያለ ደረሰኝ ሊሸጥልኝ ፈቅዷል። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። የድርጅት ዕቃ የሚወጣው በጨረታ ወይም በሕጋዊ ሽያጭ ነው። በተለይ ቁጥር ያለው ሞተር ወይም ሻንሲ ከሆነ ሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር፣ ያለ ደረሰኝ የገዙትን ማስመዝገብ አይችሉም።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ሁሉን ፈልጌ ካላገኘሁስ?

መልስ፦ ኩሽኔታ ከሆነ ወኪል ጨርሶ አያስፈልግዎትም፤ በቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር ዓለም አቀፍ ነው። 6204 ከየትኛውም ፋብሪካ ቢመጣ ውስጡ 20፣ ውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። የሞተር ዘይት ማገጃ ጎሚኒም በእነዚሁ ሦስት ልኮች ይገዛል፤ ጠርዙ ላይ ተጽፈው ያገኟቸዋል። ቡሽና ፒን የመሳሰለውን ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሠራልዎታል፤ ሲልኩት የተበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገባበትንም ክፍል አብረው ይላኩ፣ ምክንያቱም የተበላ ዕቃ የራሱን ትክክለኛ ልክ አይናገርም። የመሪና የፍሬን ዕቃ ግን በቶርኖ አያሠሩ። እሱን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ቁጥሩን ልከው ያስፈልጉ፤ እስኪገኝም መኪናው ይቁም።