በባትሪ ለሚሰራው የመድረክ ፋኖስ ቻርጅ ማድረጊያ ስለመግጠም

ሰላም ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ለድራማ ክለባችሁ የሰራኸው ፋኖስ 3 ትናንሽ ባትሪ ድንጋይ እየበላ ስላስቸገረህ ከስሩ ታይፕ ሲ ቻርጅ ማድረጊያ ልግጠምለት ወይ ነው ያልከው። ግጠምለት፣ ከባድ ስራ አይደለም። እኔ ለመድረክ ፋኖስም ችቦም ስሰራ ቆይቻለሁ፣ ተበላሽቶ ከሚመጣልኝ ውስጥ አብዛኛው ባትሪው ደህና ሆኖ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው።

መጀመሪያ ድንጋዮቹን አውጣቸው፣ ተራ ባትሪ ድንጋይ ቻርጅ አይደረግም በጭራሽ እንዳትሞክር። በነሱ ፋንታ አንድ 18650 የሚባል (ወፈር ያለ ድንጋይ የሚመስል፣ ቻርጅ የሚደረግ) ሊቲየም ባትሪ ከነማቀፊያው አስገባ፣ ባትሪው ላይ በቀጥታ በሊድ እንዳትበይድ ሙቀቱ ይጎዳዋል። ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3ቱ ድንጋይ 4.5 ስለማይበልጥ ኤልኢዲህ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም፣ መጨረሻ አካባቢ ብቻ ትንሽ ይደክማል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ከሆነ ያበጠ ወይ ሽፋኑ የተቀደደ አትጠቀም፣ ልጆች እጅ የሚገባ እቃ ነው አደራ።

ቻርጀሩ ቲፒ 4056 የሚሉት ትንሽ ሰሌዳ ይበቃሃል፣ ግን ስትገዛ ቢ ፕላስ ቢ ማይነስ (B+ B-) ብቻ ሳይሆን አውት ፕላስ አውት ማይነስም (OUT+ OUT-) የተፃፈበትን ምረጥ። ያኛው ባትሪው ከልክ በላይ እንዳያልቅና ሾርት እንዳያደርግ የሚቆርጥ መከላከያ አለው፣ ባትሪው ቢ ላይ መብራቱ አውት ላይ ይታሰራል።

አሁን ዋናው ነገር፣ መብራቱ እየበራ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ምን መሰለህ፣ ቻርጀሩ ባትሪው መሙላቱን የሚያውቀው የሚገባው ከረንት ወደ አንድ አስረኛ ሲወርድ ነው፣ መብራቱ ከጎን እየሳበ ከሆነ ከረንቱ አይወርድም ስለዚ ሞላ ብሎ አያቆምም። አጥፍታችሁ ሰኩት ብሎ መንገር ደግሞ መድረክ ጀርባ ግርግር ላይ ማንም አያስታውሰውም። እኔ የማደርገው ባለ 6 እግር ስዊች ነው፣ በአንዱ ረድፍ ከአውት ፕላስ ወደ መብራቱ የሚሄደውን አሳልፋለሁ በሌላው ረድፍ ከሶኬቱ ወደ ቻርጀሩ የሚገባውን 5 ቮልት፣ ግን በተቃራኒ ጫፍ። ስዊቹ መብራት ላይ ካለ ቻርጅ አይገባም ቻርጅ ላይ ካለ አይበራም፣ ሰው ማስታወስ የለበትም።

ሶኬቱን በተመለከተ ሰሌዳው ላይ ያለችውን ታይፕ ሲ በቀዳዳ አውጥተህ በሙቅ ሙጫ እንዳትለጥፍ፣ ገመዱ ላይ አንድ ሰው ከተደናቀፈ ከነመዳብ መስመሯ ትነቀላለች። ለብቻው የሚሸጥ በብሎን የሚታሰር ሶኬት አለ፣ እሱን ከፋኖሱ ቆርቆሮ ጋር እሰረውና በ2 ሽቦ ወደ ሰሌዳው ውሰደው። ስትገዛ ግን በሁለት በኩል ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሞክረው፣ አንዳንድ ርካሾች ውስጥ ለስልክ ቻርጀሩ ኃይል ላክ ብለው የሚጠቁሙት 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ስለማይኖሩ በአዳዲሶቹ ባለ ታይፕ ሲ የስልክ ቻርጀሮች ጭራሽ አይሰሩም፣ በድሮው ባለ ሰፊ አፍ ገመድ ብቻ ነው የሚሰሩት።

ሙቀትም አለ። ሰሌዳው ከፋብሪካ 1 አምፔር ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ባትሪው 3.5 ቮልት ላይ ሆኖ 5 ቮልት ሲገባ 1.5 ዋት በሙቀት ይወጣል፣ አንተ ደግሞ ውስጡን በፎም ሞልተኸዋል። 122 የሚል የተፃፈባትን ትንሽ ሬዚስተር አንስተህ በ2 ኪሎ ኦም ቀይራት፣ ወደ 580 ሚሊ አምፔር ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይሞላል እንጂ ያን ያህል አይግልም። በሰሌዳው ዙሪያ ያለውን ፎምም ቁረጠው።

ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት አንድ ጊዜ አጠገቡ ሆነህ እስኪሞላ ጠብቅ፣ ጠቋሚዋ ከቀይ ስትቀየር ባትሪው ላይ በመልቲሜትር ለካ፣ 4.2 አካባቢ ካሳየ ዝጋው። ከ4.25 ካለፈ ሰሌዳውን ቀይር። የኤልኢዲዎቹን አስተሳሰር ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ በተከታታይ ካሰርካቸው በባትሪው አማካይ 3.7 ቮልት ላይበሩልህ ይችላሉና ሽቦውን እንቀይረዋለን።