የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዓሣ ፊልተር በሃይላንድ ፕላስቲክ ይሰራል ወይ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። ልጄ ዓሣ ዓሣ ብላ ስትነዘንዘኝ 60 ሊትር ሚይዝ አኳሪየም መስታወት ቤት አሰርቼ አራት ጎልድፊሽ ከአዲስ አበባ አመጣሁላት። ችግሩ ውሃው ሳይቆይ ይደፈርስና ይሸታል፣ እኔም በየሳምንቱ ሙሉውን ደፍቼ ገንዳውን በላርጎ አጥቤ ጠጠሩን ሳይቀር አፍልቼ መልሼ እሞላለሁ፣ ግን ባጠብኩ ቁጥር ጭራሽ እየባሰበት አንዱ ሞተብን። ፊልተር ግዛ አሉኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ግን ዓሣውን ጠብሼ ብበላው ይሻላል አልኩ። ኤር ፓምፕ አለኝ፣ አረፋ ከማውጣት ውጪ ምንም ሲሰራ አላየሁም። እቤት ባለ ነገር ፊልተር መስራት ይቻላል? ደሞስ የኛ ሀገር ብርድ አይገላቸውም?
(የዓሣው አባት፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ ዓሣውን አትጥበሰው፣ ይቻላል። እንደውም ኤር ፓምፑ ካለህ የፊልተሩን ውድ ክፍል ገዝተሃል፣ የቀረው ሃይላንድ፣ ስፖንጅ፣ ጠጠርና ግማሽ ሜትር ማይሞላ ቱቦ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ባጠብክ ቁጥር እንደሚብስ ልንገርህ፣ ይሄ ካልገባህ ፊልተሩንም ሰርተህ በላርጎ ታጥበዋለህ። ብዙ ሰው ፊልተር ሲባል ቆሻሻ ሚያጠል ወንፊት ነው ሚመስለው፣ ዋናው ስራው ግን ባክቴሪያ ማኖር ነው። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያወጣል፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ እንደዛው፣ አሞኒያ ደሞ መርዝ ነው። በተፈጥሮ የሚመጡ ባክቴሪያዎች አሉ፣ አንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል (እሱም መርዝ ነው)፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፣ ናይትሬት ብዙ እስካልተጠራቀመ ድረስ ዓሣውን አይጎዳውም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ ሲንሳፈፉ ሚኖሩ አይደሉም፣ ጠጠር ላይ፣ ስፖንጅ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው ሚራቡት፣ አንተ ደሞ በየሳምንቱ አፍልተህ ፈጀሃቸው። ስለዚህ ገንዳህ ሁሌም እንደ አዲስ ነው ሚጀምረው፣ ዓሣዎቹም ሁሌም አሞኒያ ውስጥ ናቸው። ያ ነጣ ያለ ድፍርስም ብዙ ጊዜ አዲስ ገንዳ ላይ ሚነሳ የሌላ ባክቴሪያ ግርግር ነው፣ ዝም ብትለው በራሱ ይጠራል።

እሺ አሁን ወደ ስራው። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሰድ፣ ከትከሻው ዝቅ ብለህ ዙሪያውን ቁረጠውና ሁለት አርገው። ምስማር በእሳት አግለህ የላይኛውን ክፍል፣ ማለት ትከሻውን፣ ምስር ምስር በሚያህል ቀዳዳ ወንፊት አስመስለው፣ ውሃው ሚገባው በዛ ነው። የታችኛውን እንዳትበሳው። ከዛ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄደህ ገመድ ማሳለፊያ ነጩን ፕላስቲክ ቱቦ፣ 16 ሚባለውን ግዛ፣ በሃይላንዱ አንገት ውስጥ ልክ ያልፋል። የቱቦውን የታች ጫፍ በመጋዝ ጥርስ ጥርስ አውጣለት፣ ያለዚያ ታች ቁጭ ሲል ጠርሙሱ ወለል ላይ ተደፍኖ ውሃ አይስብም። ርዝመቱ ከጠርሙሱ ወለል ተነስቶ የገንዳው ውሃ ፊት ድረስ ይሁን፣ በጣም ከውሃው በላይ ከወጣ አረፋው ውሃውን እዛ ድረስ ማንሳት ያቅተዋል።

ቱቦውን መሀል ላይ አቁመህ ዙሪያውን መጀመሪያ ጠጠር ጨምር፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ጠርሙሱ እንዳይንሳፈፍ ክብደት ይሆነዋል። ከወንዝ ያመጣኸው ጠጠር ከሆነ አቼቶ ጠብ አርግበት፣ ከተንጨረጨረ ኖራ አለው ማለት ነው ሌላ ፈልግ። ከጠጠሩ በላይ ቀይ አሽ፣ ብሎኬት ሚሰሩበት እሱን፣ ባቄላ ባቄላ ሚያክለውን እየለቀምክ ቀዩ ውሃ እስኪያልቅ እጠበው። ለኔ ቀይ አሽ ከሁሉም በላይ ነው፣ ድንጋዩ በሙሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ በውጭም በውስጥም ባክቴሪያ ሚይዝበት ቦታ አለው፣ ለዚሁ ስራ ተብሎ በውድ ሚሸጠው የሴራሚክ ቀለበት ሚሰራውን ስራ ይሰራል። የላይኛው ስፖንጅ ነው፣ መሀሉን ለቱቦው ቀደህ አልብሰው። ስፖንጁን ሶፋ ቤት ቁርጥራጭ አይነፍጉህም፣ ግን አፍህ ላይ አርገህ ንፋበት፣ ትንፋሽህ በቀላሉ ካለፈ ይሆናል፣ ከታፈነ ውሃውንም ያፍነዋል። የዕቃ ማጠቢያው አይሻልም ወይ ምትሉ፣ አንዳንዱ ጀርም መግደያ የተነከረ ስለሆነ ባልነካካው ነው ምለው። ሀገሩ የብርድ ልብስ ሀገር ስለሆነ ደሞ የብርድ ልብስ ቁራጭ ብጠቀምስ ሚል አይጠፋም፣ ሱፉ ይበሰብሳል ቀለሙም ይለቃል፣ ተዉት።

ክዳኑን ማለት የላይኛውን ክፍል ጎኑን ትንሽ ሰንጥቀህ መልሰህ ግጠመው፣ በማጣበቂያ አትለጥፈው፣ ነገ ትከፍተዋለህ። አንገቱና ቱቦው መሀል ክፍተት ቢኖር አትጨነቅ፣ ውሃው ሚገባው ከላይ ስለሆነ በዛም ቢገባ በስፖንጁ ነው ሚያልፈው። በመጨረሻ የኤር ፓምፑን ቀጭን ቱቦ በነጩ ቱቦ ውስጥ ቁልቁል ላከው፣ ከወለሉ ሁለት ጣት ሲቀረው አቁመው። የአየር ቱቦ ካጠረህ ፋርማሲ ያልተከፈተ የግሉኮስ ቱቦ ይሸጣል፣ ቀጠን ስለሚል ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረህ አስፍተህ ፓምፑ ላይ ትሰካዋለህ፣ ያቺ ነርሶች በአውራ ጣት ሚገፏት ትንሿ መንኮራኩርም አየሩን ለመቀነስ ትሆንሃለች። ፓምፑ ሲነሳ አረፋው በነጩ ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ የወጣውን ለመተካት ከላይ በቀዳዳዎቹ አዲስ ውሃ ይገባል፣ በስፖንጁ፣ በቀይ አሹ፣ በጠጠሩ አልፎ ታች ይደርስና እንደገና ይወጣል። በቃ ይኸው ነው፣ ሞተር የለው ምን የለው።

ወዲያው ግን ይጠራል ብለህ እንዳትጠብቅ። ባክቴሪያው እስኪራባ ሞቅ ባለ ቦታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ከዛም ሊያልፍ ይችላል፣ ባክቴሪያም ብርድ ላይ ይሰንፋል። ማሳጠር ከፈለክ የቆየ አኳሪየም ያለው ሰው ፈልገህ የሱን ስፖንጅ ቆሻሻ ጨምቀህ አምጣና ያንተ ላይ አፍስሰው፣ ያስጸይፋል ያለህ ሰው አልገባውም። እስከዛ ምግብ በጣም ቀንስ፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሩቡን ውሃ ብቻ ቀይር፣ ሙሉውን አትድፋ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ባክቴሪያውንም ዓሣውንም ይጎዳል፣ አፉ ሰፊ ባልዲ ላይ ቀድተህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ከነሌሊቱ አሳድረው፣ ክሎሪኑም ይበናል፣ ያ የጠዋት ውርጭ የመሰለ ቅዝቃዜውም ከገንዳው ጋር ይመጣጠናል። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አርገህ መልሰው። በረኪና፣ ኦሞ፣ ላርጎ አይነካካ። ቀይ አሹን ጭራሽ አትንካው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ጎልድፊሽ መምረጥህ በጣም ጎበዝ ነህ፣ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፣ ማሞቂያ አይፈልግም። ከህዳር እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ ከመስኮት ራቅ አርገው፣ ክዳን አልብሰው፣ ውሃው 10 ዲግሪ አካባቢ ከወረደ ምግብ አይፈጭለትምና እጅህን ሰብስብ። እኔን ሚያሳስበኝ ከብርዱ ይልቅ ከፍታው ነበር። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ባህር ጠለል ላይ ካለው 30 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባህር ዳርቻ በሊትር 10 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ እኛ ጋ 7 ገደማ ነው ሚይዘው። ይበቃል፣ ግን ትርፍ የለውም፣ ስለዚህ ፓምፑ ሌሊትም አይጠፋም። ሌላው ደሞ ቅር እንዳይልህ፣ ለ60 ሊትር ሶስት ጎልድፊሽ ይበዛል። አድገው ከአንድ ስንዝር ሊያልፉ ይችላሉ፣ ቆሻሻቸውም ከሌላው ዓሣ ይብሳል፣ አንዱን ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ብትሰጥ ፊልተሩም ያርፋል።

ሰላም እንዴት ናችሁ። እኔ ያለሁት ሸዋ ሮቢት ነው፣ ጋፒ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሣዎች ነው ማረባው፣ ስፖንጅ ፊልተር አለኝ ግን ፓምፑ እየጮኸ ስለሚያስቸግር ማታ ማታ አጠፋዋለሁ። ሰሞኑን ጠዋት ስነሳ ሁሉም ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ በሽታ ነው? መድሃኒት አለው?
(ሙቀቱ የመረራት፣ ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እህቴ መድሃኒቱ ፓምፑን አለማጥፋት ነው። አየር አጥሯቸው ነው። ሰው ሮቢት ቆላ ስለሆነች አየሩ ይበቃል ብሎ ያስባል፣ እውነትም ከፍታዋ 1,280 ሜትር ገደማ ነው፣ ነገር ግን ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን መያዝ ያቅተዋል፣ 28 ዲግሪ የደረሰ ውሃ እናንተ ጋ በሊትር 7 ሚሊግራም እንኳን አይሞላም፣ ከላይ ካየነው ከደብረ ብርሃኑ ብርዳም ውሃ ያንሳል ማለት ነው። ያውም ሌሊት ተክልም አልጌም ኦክስጅን መስጠቱን ትቶ ራሱ ይወስዳል፣ ለዛ ነው ጠዋት ላይ ሚብሰው። ደሞ በሙቅ ውሃ አሞኒያ መርዝነቱ ይጨምራል፣ ስፖንጁ ላይ ያለው ባክቴሪያም አየር ፈላጊ ስለሆነ በየሌሊቱ ውሃ ካልዞረለት ይዳከማል፣ ስለዚህ አንድ ማጥፊያ ተጭነሽ ሶስት ችግር ነው ምትጋብዢው።

ጩኸቱ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ የፓምፑ ሳይሆን የጠረጴዛው ነው፣ ፓምፑን ወፍራም የስፖንጅ ቁራጭ ላይ አስቀምጪው ወይ በገመድ አንጠልጥይው፣ ግድግዳም እንዳይነካ። የገንዳውን ክዳን ሙቀት ሲበረታ ከፈት አርጊው፣ የአረፋውን መውጫ ውሃው ፊት ላይ አርጊና ፊቱን ያናውጠው፣ ኦክስጅን በዋናነት ሚገባው በተናወጠው ፊት እንጂ ከአረፋው ውስጥ አይደለም። በረዶ ውስጡ መጨመር ሚሉትን አትስሚ፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜም ይገላል።

ከሰል ውሃ ያጣራል ይባላል፣ ፊልተሩ ውስጥ የማገዶ ከሰል ብጨምርበትስ?
(ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እሱ ሚባለው አክቲቬትድ ካርቦን ነው፣ በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ወይ በኬሚካል ተሰርቶ ውስጡ እጅግ ብዙ ቀዳዳ የወጣለት ከሰል። የገበያው ከሰል ለጀበና ነው፣ አመድ ይለቃል፣ ምን እንደነካውም አይታወቅም። በዛ ላይ አሞኒያን አያስወግድልህም። ቦታውን ለቀይ አሽ ልቀቅለት።

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ለባዮሎጂ ክበብ አኳሪየም ለማዘጋጀት አስበናል። እኛ ጋ መብራት ጠፍቶ ሊያድር ይችላል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ቤት የተሰራ ፊልተር ያዋጣል ወይስ ልፋት ነው?
(መምህር፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ መምህር፣ እንደውም ለመብራት ችግር ከተዘጋው የፋብሪካ ፊልተር ይሄኛው ይሻላል። የተዘጋው ሳጥን ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ውሃ መዞሩን ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ አየር አልቆበት መሞት ይጀምራል፣ መብራት ሲመጣም የበሰበሰውን መልሶ ዓሣው ላይ ይደፋዋል። ገንዳው ውስጥ ክፍት የተቀመጠ ስፖንጅ ግን ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እስካለ ድረስ ይቆያል። መንዝ ብርዱ ደሞ ለዚህ ጊዜ ይጠቅማችኋል፣ ውሃው ስለማይሞቅ ኦክስጅኑ ቶሎ አያልቅም። መብራት ሲጠፋ ተረኛ ተማሪ መድቡ፣ በኩባያ ከገንዳው ቀድቶ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሶ ያፍስሰው፣ በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ቢያደርገው በቂ ነው። ምግብ በዚያን ቀን አይሰጥ። በዩኤስቢ የሚሰሩ ትንንሽ ኤር ፓምፖችም አሉ፣ የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንክ ሌሊቱን ሊይዛቸው ይችላል፣ ቀን ቀን በሶላር እየሞሉ መጠቀም ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ፓምፑን ከገንዳው ውሃ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መብራት በጠፋ ሰዓት ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ወደኋላ ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል፣ መብራቱ ሲመጣ ይቃጠላል፣ ከዚያም አልፎ ማከፋፈያው ላይ ውሃ ሊንጠባጠብ ይችላል። ከፍ ማድረግ ካልተቻለ ቱቦው መሀል ላይ ቼክ ቫልቭ የምትባለዋን ትንሽ ፕላስቲክ ያስገቡ፣ አፍዎን አድርገው ሲነፉባት በአንድ በኩል ብቻ ካሳለፈች ደህና ናት፣ የሚያሳልፈው ጎን ከፓምፑ ወደ ገንዳው ይዙር።